የቀያሹ መስመር

ጁን 7፣ ቅዳሜ

አራት ቀን ሙሉ ዘንቦ ዛሬ ፋታ ሰጠን። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ክለቡ ደረስኩ። ውሃውን ጠርጌ፣ ገመድ ወጥሬ፣ ሁለቱንም የቴኒስ ሜዳ በኖራ አሰመርኩ። ይህን ሥራ ለማንም አልሰጥም። ሊቀ መንበር ስለሆንኩ አይደለም። አርባ ዓመት መሬት ቀይሻለሁ፤ በዚህ ደሴት እግሬ ያልረገጠው የሸንኮራ ማሳ የለም፤ በኔ ልኬት የታረቁ ወንድማማቾች አሉ። መስመር ሙያዬ ነው።

ጎዲንግ ዘግየት ብሎ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት በጥንድ አብረን ተጫውተናል። ያኔ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ አሁን እንደኔ ጡረተኛ ነው። ቆሞ መስመሮቹን ሲያያቸው ቆየና «ቆንጆ ነው» አለ። ከዚያ እኔ ቤት ገብቼ ቁርሴን እንድበላ፣ በሩን እሱ እንደሚዘጋው ነገረኝ። ሰሞኑን ሁልጊዜ እንዲህ ይላል። ደግ ሰው ነው።

ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጥቷል። ሁለተኛውን ሜዳ ለመኪና ማቆሚያ ይፈልጉታል። ከመወሰናቸው በፊት ግን በሥራ ቀን ስንት ሰው እንደሚጫወትበት ሰው ልከው ያስቆጥራሉ። አልደነገጥኩም። ማክሰኞ ማክሰኞ የገበያ ሴቶች አሉን፤ ስምንት ናቸው። ያመጣቻቸው ፊና ናት፣ ዓሣ የምትሸጠው። ከሦስት ዓመት በፊት መጀመሪያ ስትመጣ «ሜዳው ዓሣ ዓሣ ሊሸት ነው» ያሉ አባላት ነበሩ። የአባልነት ፎርሟ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ይህ አይረሳ።

ጁን 11

ጠረጴዛው ዳሌዬን መታኝ። ሚስቴ ሉሚን አንቀሳቅሳዋለች። እሷ ደግሞ ልጃችን ከተዳረች ጀምሮ እዚያው ነው ብላ ትከራከረኛለች። ከመቼ ወዲህ እንደዚህ ነገር እንደምትወድ እንጃ። የበረንዳውን ደረጃ ጠርዝ ነጭ ቀለም ቀብታዋለች። ለምን ብላት «ለውበት» አለች። ሞተር ብስክሌቴንም ሳታማክረኝ ለወንድሟ ልጅ አውሳዋለች። መራመድ ለልብ ጥሩ ነው አለችኝ።

ጁን 14፣ ቅዳሜ

አንድ ሰው መስመሮቼን ነክቷል። ጠዋት አስምሬ ሄድኩ። ከሰዓት ስመለስ ከኋላ በኩል አዲስ ኖራ አለ፤ የኔው በመጥረጊያ ደብዝዟል። ማን ነው ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ወደ ሰማይ አየ፤ ሊዘንብ ይሆን አሉ። ሊቀ መንበርነቱን የሚመኝ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ለጎዲንግ ነገርኩት። «ተወው፣ ደህና መስመር ነው» አለኝ።

ጁን 22፣ እሑድ

የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ውድድር ፍጻሜ። እኔና ጎዲንግ አሸነፍን። ደክሞኛል። ነገ እጽፋለሁ።

ጁን 23

ወሬው ሌላ መልክ ከመያዙ በፊት የትናንቱን በሥርዓቱ ልጻፍ።

ተጋጣሚዎቻችን ፊናና ማሪቪክ ነበሩ። ማሪቪክ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ዕድሜዋ ፊና ልትወልዳት የምትችል ነው። ሰማንያ ያህል ሰው ተሰብስቧል፤ ግማሹ ከገበያ የመጣ። አንድ አንድ ዙር ተካፍለን ሦስተኛው ላይ ተያያዝን። እኛ ሁለት ሽማግሌዎች በጉልበት አንችላቸውም፤ በዘዴ ነው የያዝናቸው። በመጨረሻ እነሱ አንድ ነጥብ ብቻ ቀራቸው። ፊና ኳሷን ዝቅ አድርጋ በቀኝ ጎኔ ሰደደቻት። ከጎን መስመሩ ውጪ አረፈች። ውጪ አልኩ። በኛ ክለብ ዳኛ የለም። በየሜዳው ወገን ያረፈችውን ኳስ የሚፈርደው የዚያው ወገን ተጫዋች ነው፤ ቃሉም ይታመናል። ክለቡ የቆመው በዚህ ነው።

ፊና መረቡ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ ውስጥ ናት፤ ምልክቷን ይዩት» አለች። ሜዳችን የተፈጨ ዛጎል ስለሆነ ኳስ ስታርፍ ምልክት ትተዋለች። ነገር ግን በሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ ብዬ ምልክት ልፈልግ ነው? ጎዲንግን ዞሬ አየሁት። የራኬቱን ክር እየነካካ «አንተ ካልክ» አለ። ፊና አሁንም አልተንቀሳቀሰችም። አንድ ሁለት ቃል ተናገርኳት። በጨዋታ ሙቀት ሰው ይናገራል። ከዚያ በኋላ የመቱት ሁሉ መረብ ላይ ቀረ፤ እኛ አሸነፍን። ፊና ሳትጨብጠን ወጣች። ነውር ካለ ይሄ ነው ነውሩ።

ኳሷ ውጪ ናት። በዓይኔ አይቻታለሁ።

ጁን 24፣ የቅዱስ ዮሐንስ ቀን

ከተማው ሁሉ እንደ በዓሉ ልማድ በየመንገዱ ውሃ ሲራጭ ዋለ። የፖሊስ አዛዡ ከነዩኒፎርሙ በስብሶ አየሁት፤ ለካህኑም አልተመለሱላቸውም። እኔ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤቴ በዋናው መንገድ ነው የመጣሁት። ባልዲ የያዙት አዩኝና አሳለፉኝ። እንደወጣሁ ደረቄን ተመለስኩ። ሽማግሌ ማክበራቸው ነው አልኳት ለሉሚን። ያዘጋጀችልኝን ፎጣ አጥፋ መለሰችው።

ጁላይ 1፣ ማክሰኞ

ሴቶቹ አልመጡም። ዝናብም አልነበረም።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ደብተሩን ይዞ መጣ። ከአስር ሰዓት እስከ አስራ ሁለት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ከማፈር ብለን እኔና ጎዲንግ ሁለተኛው ሜዳ ላይ ወጣን። ጎዲንግ ጉልበቱን እያመመው ነበር የሚሮጠው። ሰውየው «ሁለት» ብሎ ጻፈና ጃንጥላውን ይዞ ሄደ።

ጁላይ 5

ፀጉር ቤት ስገባ ይስቁ ነበር። አንዱ «ኧረ አውራ ጣትህን አንሳ!» ሲል ሰማሁት። እኔን ሲያዩ ጸጥ አሉ፤ ፀጉር ቆራጩም ስለ አየሩ ይጠይቀኝ ጀመር። ምን እንደሚያስቃቸው አላውቅም።

ቤት ውስጥ ትኩስ ዓሣ ከቀረ ሁለት ሳምንት ሊሆነን ነው። ደረቅ ዓሣና ሩዝ፣ ሩዝና ደረቅ ዓሣ። ሉሚንን ጠየቅኳት። ከፊና ብትገዛ ምን ብላ ዓይኗን እንደምታያት፣ ከሌላ ብትገዛ ደግሞ ፊና እያየቻት እንዴት እንደምታልፍ እኔ እንድነግራት ጠየቀችኝ። እኔ ሚስቴን ገበያ እንዳትሄድ አልከለከልኩም።

ጁላይ 8፣ ማክሰኞ

ማንም የለም። ሁለተኛው ሜዳ ላይ ሣር በቅሏል። ነቀልኩት።

አመሻሽ ላይ ማሪቪክ ቤት ድረስ መጣች። ከፊና የተላከ ወረቀት ይዛለች። «ከክለቡ ወጥቻለሁ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ሉሚን ሻይ አቀረበችላት፤ ፉት ብላ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ እትዬ ፊናን ሰሞኑን ገበያ ውስጥ ምን እንደሚሏት ያውቃሉ?» አለችኝ። የገበያ ወሬ አልሰማም አልኳት። «እሺ ጋሼ» ብላ ወጣች። ልጅቷ ጨዋ ናት። ሉሚን ብርጭቆውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባችና እስከ እራት አልወጣችም።

ለፎርሟ የፈረምኩት እኮ እኔ ነኝ።

ጁላይ 12፣ ቅዳሜ

ጠዋት አስምሬ ወደ ቤት ስሄድ ባርኔጣዬን ረስቼ ኖሮ ከግማሽ መንገድ ተመለስኩ። ጎዲንግ ሁለተኛው ሜዳ ላይ ተንበርክኳል። ገመድ ወጥሯል። እጁ እስከ ክርኑ በኖራ ነጥቷል።

«አንተ ነህ?» አልኩት።

ቀና አላለም። «ከገና ወዲህ» አለ።

እንዲህ ተቆጥቼ አላውቅም። ሌባ አልኩት፤ ምን እንደሰረቀኝ ግን አላውቀውም። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ እጄን ይዞ ወደ ጥጉ ወሰደኝና ጎንበስ አድርጎ አሳየኝ። የጎኑና የኋላው መስመር አልተገናኙም። አንድ ስንዝር ይላቀቃሉ። ከግራ በኩል ሁልጊዜ ደህና ነው አለኝ፤ የምስተው በቀኝ ነው።

ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ሦስት ጊዜ ነግሮኛል። መጀመሪያ ገመዱ ላልቶ ነው አልኩት፤ ቀጥሎ ኖራው እርጥብ ነው አልኩት፤ በሦስተኛው ሁለት ሳምንት አኮረፍኩት። አሁን ሲናገረው ሁሉም ትዝ አለኝ።

ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። «ያቺን ኳስ አይቻታለሁ፣ ቴርዮ። መስመሩን ነክታለች። አንተ ዓይንህ ታሞ ነው፤ የኔ ግን ጤነኛ ነው። ስትጠይቀኝ ክር ነካካሁ። ከሁለታችን የባስኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

የቀረውን አብረን ጨረስነው። እሱ አሰመረ፤ እኔ ገመዱን ያዝኩለት። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ጁላይ 18፣ ዓርብ

ከሉሚን ጋር በአውቶቡስ ወደ ትልቁ ከተማ ባኮሎድ ሄደን ዓይኔን ታየሁ። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። አንድ ሳጥን ውስጥ አገጬን አስገብተው መብራት ባየሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን አዘዙኝ። ብዙ የተጫንኩ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ በቀኝ በኩል ከታች ጥቁር ነው፤ የተቃጠለ ማሳ ይመስላል። ግላኮማ ነው አለችኝ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን።

ኳሷን ግን እኮ በዓይኔ አይቻታለሁ አልኳት። ሳትስቅብኝ አስረዳችኝ። ዓይን ያላየውን ቦታ አእምሮ ከራሱ ይሞላዋል፤ ሰውየው ያየ ይመስለዋል። «እርስዎ አልዋሹም» አለችኝ።

ስንመለስ ሉሚን እጄን እንደያዘች ነበር። የደረጃውን ቀለም አነሳሁባት። «ለውበት ነው አላልኩህም?» አለች፤ ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

አልዋሸሁም። ይህችን ቃል ለፊና እነግራታለሁ፤ ነገሩም ያበቃል። ዛሬ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀሎኛል።

ጁላይ 22፣ ማክሰኞ

ገበያው ሲበተን ጠብቄ ወደ ፊና መደብ ሄድኩ። ጣውላውን በብሩሽ እያጠበች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፦ ሳጥኑን፣ ጥቁሩን ወረቀት፣ ሐኪሟ ያለችውን። እያጠበች አዳመጠችኝ።

«እግዜር ይማርዎ ጋሼ» አለች። «እናቴን ያሳወራት ይሄው ነው። ጠብታውን አንድም ቀን እንዳይዘሉት።»

አመሰገንኳት። ልሄድ ስል ብሩሹን አስቀመጠች።

«ስለ ጣቴስ?» አለችኝ።

ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

«ኳስ ኳስ ነው። ተሸንፌ አውቃለሁ፤ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። እዚህ ቦታ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ። አሁን ስመዝን ‹እስቲ እጅሽን አንሺ› ይሉኛል። እየሳቁ ነው። እየሳቁ ግን ሚዛኑን ያያሉ።» እጇን በሽርጧ አደረቀች። «እሱንም አእምሮዎ ነው የሞላው?»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ግራና ቀኝ አየች። ከኛ ሌላ የነበረው ከጣውላው ሥር ያለች አንዲት ድመት ናት።

«ያኔ ሰማንያ ሰው ነበር» አለች። ወደ ጣውላዋም ተመለሰች።

ጁላይ 23

የጁን 23ን ገጽ ገልጬ አነበብኩት። «አንድ ሁለት ቃል» ብዬ ነው የጻፍኩት።

ያልኩት ይህ ነው፦ «እኔ አርባ ዓመት በሐቅ ለክቻለሁ። አንቺ የምታውቂው ልክ ሚዛን ላይ አውራ ጣት ማሳረፍ ነው።»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሰው እንዲስቅ ብዬ ነው ያልኩት። ሳቁ። ሲስቁ ደስ አለኝ።

ጣቷን ሚዛን ላይ አይቼ አላውቅም። ሌላ ሰው አየሁ ሲልም አልሰማሁም። ሉሚን ከእሷ ስትገዛ ሁልጊዜ ትመርቅላታለች፤ ያንን ምርቃት ስበላ ኖሬያለሁ። ቃሉ ከየት እንደመጣ አሰብኩ። አዲስ አልነበረም። ፎርሟ ላይ ስፈርም ጊዜም ውስጤ ነበረ። ለዚህ ነው ፊርማዬን እንደ ውለታ የቆጠርኩት።

ለዚህ ሐኪሟ ጠብታ የላትም።

ጁላይ 26፣ ቅዳሜ

ለሉሚን ነገርኳት። ቀሚሷን ቀይራ ዘንቢሏን አነሳች፤ «ብቻህን አትሄድም» አለች።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ገበያው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ያ ፀጉር ቤት ያየሁት ነው። አይቶኝ ፊቱን አዞረ። ተራዬ ሲደርስ ፊና ምን ልስጥዎ አላለችኝም። ቆማ ጠበቀች።

ሥራ ላይ ሳለሁ በሸንኮራው ማዶ የመለኪያ ዘንግ ለሚይዝልኝ ሰው የምጮህበት ድምፅ ነበረኝ። እሱን አወጣሁት።

«ስሙኝ» አልኩ። «ሊቀ መንበሩ ቴርዮ ነኝ። በበዓሉ ውድድር ላይ ፊና ሚዛን ላይ ጣቷን ታሳርፋለች ብያለሁ። ውሸት ነው። አይቼ አይደለም፣ ሰምቼም አይደለም። እሷን ለማዋረድ ብዬ ከሆዴ ያወጣሁት ነው። ያቺም ኳስ ውስጥ ነበረች።»

ገበያው ጸጥ አለ አልልም፤ ገበያ ጸጥ አይልም። በቅርብ ያሉት ግን ዞረው አዩኝ። ቀጥላ ያለችው ሽሪምፕ ሻጭ፣ «ጋሼ፣ ንስሐው ካለቀ ወረፋውን ይልቀቁ፤ ዓሣው ሊሸት ነው» አለች፤ ሳቁ። በኔ ሲሳቅ እንዴት እንደሚያቃጥል አየሁት። ግን ከወረፋው አልወጣሁም።

«ሁለት ኪሎ» አልኳት ፊናን።

ዓሣውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ ከራሷ በላይ። «ጠጋ ብለው ይዩ፤ በቀኝ በኩል አይደለም፣ ፊት ለፊት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ሁለት ኪሎ ከምናምን» አልኩ።

«ምናምኑ ምርቃት ነው» አለች። አልሳቀችም። ዓሣውን ለእኔ ሳይሆን ለሉሚን ሰጠቻት። ሉሚን እጇን ያዘቻት፤ ትንሽ እንደዚያ ቆሙ።

ኦገስት 3፣ እሑድ

ጠቅላላ ስብሰባ። ሠላሳ አንድ ሰው መጣ። ስለ ዓይኔ፣ ስለ ኳሷ፣ ስለ ቃሉ በየተራ ተናገርኩ፤ ገበያ ውስጥ ከተናገርኩት በኋላ አልከበደኝም። ጎዲንግም ተነስቶ የራሱን ተናገረ፤ እሱን ከበደው። ዋንጫውን ለማሪቪክ አስረከብናት። ለብቻዬ አልወስድም፣ ለሁለታችን ነው አለችና ከወንበሯ ሥር አስቀመጠችው።

ከሊቀ መንበርነቱ ወረድኩ። አንድ ሁለት ሰው ይቆዩ አለ፤ ለወጉ ነው። ጎዲንግ ተመረጠ። እኔ አውቶቡስ እንጂ ስብሰባ ነድቼ አላውቅም ብሎ ቢለምንም የሰማው የለም። ማሪቪክ አንድ ደንብ አቀረበች፦ ማንም ተጫዋች ምልክት ይታይልኝ ካለ፣ ሁለቱም ወገን ሄዶ ያያል፤ ዕድሜም ሥልጣንም አይከለክልም። ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም።

ፊና አልመጣችም። አባል አይደለችም፤ ለምን ትመጣለች።

መጨረሻ ላይ የበጎ ፈቃድ ሥራ ሲከፋፈል የማክሰኞን ጠረጋ የሚወስድ ጠፋ። ማክሰኞ የሚጫወት ስለሌለ ለማን ይጠረጋል አሉ። እኔ እወስደዋለሁ አልኩ።

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

ጠረግኩ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጣ። ማንም አልነበረም። መጥረጊያ የያዘ ሰው ይቆጠራል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና አይቆጠርም አለ።

ኦገስት 12፣ ማክሰኞ

ጠብታውን አድርጌ፣ ቁርሴን በልቼ ቀኑን ቤት ዋልኩ። ከዚያ ደረጃውን በነጩ ጠርዝ ወርጄ ዘጠኝ ተኩል ላይ ክለቡ ገባሁ። ማለዳ ዘንቦ ስለነበር ሁለተኛው ሜዳ ላይ ቅጠል ተጣብቋል። ከመረቡ ጀምሬ ወደ ኋላ ጠረግኩ።

አስር ሰዓት ሲሆን የበሩ ድምፅ ተሰማ። ሴቶቹ ናቸው። ስድስት ሆነው መጡ፤ ሁለቱ ቀርተዋል፣ ለምን እንደቀሩ አልጠየቅኩም። ማሪቪክ ኳሶቹን ይዛለች። ፊና ከኋላ ነበረች፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ሽርጧን ገና እየፈታች። ደህና ዋሉ አለችኝ፤ ደህና ዋልሽ አልኳት። ከዚያ በላይ አልተባባልንም። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ስድስት ብሎ ጻፈ። ስድስት ይበቃ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ እስከ ዲሴምበር እንቆጥራለን አለኝ።

መጥረጊያዬን ይዤ ልወጣ ስል ፊና ከሜዳው ውስጥ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ በስተቀኝ ያ ጥግ ቀርቷል።»

ተመልሼ ጠረግኩት።